የአቶ እሺ ልጅ ምን ላይ ትቀመጥ

አራስ ልጠይቅ ወጥቼ፣ ባዶ እጄን ላለመሄድ አንድ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ገና አንዲት ካልሲ እንዳነሳሁ ከመደርደሪያው ማዶ የማውቀው ድምፅ ተሰማኝ። ባለሶፋው ናቸው። የሳሎናችንን ሶፋ የሠሩልን እሳቸው ናቸው፤ እንግዳ አንዴ ከተቀመጠበት መነሳት ያቅተዋል። ባለቤቴ "እኚህ ሰውዬ የሠሩልን ሶፋ ነው ወይስ ወጥመድ?" እያለ ይስቃል።

አጠገባቸው የቆመው የልጃቸው ባል ነው። ፀጉር ቆራጭ ነው፣ እጁ የተባረከ። ሰፈሩ ግን "አቶ እሺ" ነው የሚለው፤ እሱም እሺ ብሎ ተቀብሎታል። "አሳጥረው" ሲሉት እሺ ይላል፣ "ምነው አሳጠርከው" ሲሉትም እሺ ይላል። ለማንም እምቢ ሲል የሰማ ሰው የለም።

ሚስቱ ሰሞኑን ሴት ልጅ ተገላግላለች። ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ለሕፃኗ የሚሆን የመኪና ወንበር ሳትይዝ እንዳትመጣ ብላዋለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሰላም እንኳ ሳልላቸው ነው። ሁለቱ ሲነጋገሩ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል። ካልሲዋን እንደያዝኩ ቆምኩ።

(ሁለቱ በተደረደሩ የሕፃን የመኪና ወንበሮች ፊት ቆመዋል። ሻጯ ራቅ ብላ ሌላ ደንበኛ ታስተናግዳለች።)

ባለሶፋው፦ ነጭ አይሆንም አልኩህ፣ አይሆንም። ነጭ ወንበር ላይ ሕፃን የሚያስቀምጥ ሰው ሕፃን በፎቶ ብቻ ያየ ሰው ነው።

አቶ እሺ፦ እሺ አባባ። ጥቁሩ ይሁና።

ባለሶፋው፦ ጥቁር ፀሐይ ይስባል። ልጅቷን ልታበስላት ነው?

አቶ እሺ፦ እሺ፣ ግራጫው።

ባለሶፋው፦ ግራጫ የቢሮ ወንበር ነው። ከአሁኑ ሥራ ልታስቀጥራት ነው?

አቶ እሺ፦ እና የቱ ይሻላል?

ባለሶፋው፦ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አባቷ አንተ ነህ። ምረጥ።

አቶ እሺ፦ እሺ። ነጩን።

ባለሶፋው፦ ነጭ አይሆንም አልኩህ እኮ።

አቶ እሺ፦ እሺ።

(ባለሶፋው አንዱን ወንበር ያወርዳሉ። ጨርቁን ይቆነጥጣሉ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ይከተላሉ፣ ጠጋ ብለው ያሸቱታል።)

ባለሶፋው፦ ስፌቱ ደህና ነው። ስፖንጁ ግን የት ሄደ? እዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ አጥንቱን መቁጠር ይችላል።

አቶ እሺ፦ የሕፃን ስለሆነ ጠንከር ያለ ነው የሚያስፈልገው አሉኝ።

ባለሶፋው፦ ማን አለህ?

አቶ እሺ፦ ሻጯ።

ባለሶፋው፦ ቆየት ብሎ ሌላ ሰው መጥቶ "የለም፣ ለስላሳ ነው የሚያስፈልገው" ቢልህስ?

አቶ እሺ፦ እሺ እለዋለኋ።

ባለሶፋው፦ (ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ) አንተ እኮ ሰው አይደለህም፣ በር ነህ። የገፋህ ሁሉ ይገባል።

አቶ እሺ፦ ሥራዬ አስለምዶኝ ነው አባባ። መስታወት ፊት የተቀመጠ ደንበኛን እምቢ ካሉት ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ነው የሚሄደው።

ባለሶፋው፦ ልጄ ስትወልድስ? ነርሷ "ወዲያ ሂድ" ስትልህ ወዲያ ሄደህ ቀረህ። ልጅህን በመስኮት አይተህ መጣህ።

አቶ እሺ፦ ወዲያ ሂድ አለችኝ፣ ሄድኩ። ተመለስ ያለኝ የለም።

(ባለሶፋው ወንበሩን መልሰው ያስቀምጣሉ። ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ገና ብዙ የሚናገሩ ሰው እንደሚያደርገው።)

ባለሶፋው፦ ለመሆኑ እስካሁን ለዚች ልጅ ወንበር ብለህ ምን አደረግህ?

አቶ እሺ፦ ጎረቤታችን የልጁን ወንበር እሰጥሃለሁ ብሎኝ ነበር።

ባለሶፋው፦ የትኛው ጎረቤት? ያ መኪናውን ከግንብ ጋር ያላተመው?

አቶ እሺ፦ እሱ። ወንበሩ ያኔ መኪናው ውስጥ ነበር። ምንም አልሆነም ብሎኛል፤ ከሥሩ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ።

ባለሶፋው፦ እና ምን አልከው?

አቶ እሺ፦ እሺ።

ባለሶፋው፦ የት ነው አሁን ወንበሩ?

አቶ እሺ፦ ቤት። አክስቴ ደግሞ ወንበር ለምኔ፣ እኔ አቅፌያት ፊት እቀመጣለሁ አለችኝ።

ባለሶፋው፦ እሷንስ ምን አልካት?

አቶ እሺ፦ (ቀስ ብሎ) ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቀናለች።

ባለሶፋው፦ ሌላስ? ጨርሰህ ንገረኝና በአንዴ ልናደድ።

አቶ እሺ፦ አንድ ደንበኛዬ ትልቁን ግዛ፣ ታድግበታለች፣ ጫማም እንደዚያ ነው የሚገዛው አለኝ።

ባለሶፋው፦ እሺ አልከው።

አቶ እሺ፦ ጺሙን እየላጨሁት ነበር አባባ። ምላጭ ይዤ ክርክር አልወድም።

ባለሶፋው፦ እንግዲህ ልጅቷ በተሰነጠቀ ወንበር ላይ፣ በአክስትህ ጭን ላይ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ በሚበቃት ወንበር ላይ፣ ሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ልትቀመጥ ነው።

አቶ እሺ፦ ማንም እንዳይቀየም ብዬ ነው እኮ።

ባለሶፋው፦ እሷስ ብትቀየም?

አቶ እሺ፦ ማን?

ባለሶፋው፦ ልጅህ።

(አቶ እሺ ይህን ገና አላሰበበትም። ከወንበሮቹ አንዱን አንስቶ ያገላብጣል።)

አቶ እሺ፦ ይሄ ለአራስ የሚሆነው ነው። ፊቷ ወደ ኋላ ዞሮ ነው የምትቀመጠው።

ባለሶፋው፦ ወደ ኋላ? በመጀመሪያ ቀኗ ጀርባዋን ሰጥታን ልትሄድ?

አቶ እሺ፦ እንደዚያ ነው አሉ።

ባለሶፋው፦ መንገዱን ሳታይ? የመጣችበትን እያየች? እኔ አውቶቡስ ላይ የኋልዮሽ የተቀመጥኩ ቀን ምን እንደሆንኩ ሚስቴን ጠይቃት።

አቶ እሺ፦ እርስዎ አንገትዎ ጠንካራ ነው አባባ። እኔ የስንት ሕፃን ፀጉር ቆርጫለሁ፤ ራሳቸው ነው የሚከብደው፣ አንገታቸው ገና ክር ነው። አንድ እጄ መቀስ ሲይዝ አንዱ አገጫቸውን ካልደገፈ ራሳቸው ዘንበል ይላል። ወደ ፊት ዞራ ተቀምጣ ድንገት ፍሬን ቢያዝ ራሷን ማን ይይዝላታል? ጀርባዋን ሰጥታ ከሆነ ግን ወንበሩ ራሱ...

ባለሶፋው፦ ቆይ፣ ቆይ። አንተ የምታውቀው ራስ ነው። እኔ የማውቀው መቀመጫ ነው። ወንበር ላይ የሚቀመጠው የቱ ነው?

አቶ እሺ፦ መቀመጫ።

ባለሶፋው፦ ስለዚህ ወንበር የማን ሥራ ነው?

አቶ እሺ፦ የእርስዎ።

ባለሶፋው፦ በቃ። ሁሉንም ተው። እኔ ሠርቼላታለሁ።

አቶ እሺ፦ ምን?

ባለሶፋው፦ ወንበር ነዋ። ጧት ቁልፍህን ስትሰጠኝ ከኋላ አስገብቼ ሸፍኜዋለሁ። ወንበር ሠሪ አያት እያላት የልጅ ልጄ በፕላስቲክ ልትሄድ ነው እንዴ?

(ዞር ሲሉ ከነካልሲዬ ያገኙኛል። አልደነገጡም። ይልቁን እንደተላከ ዳኛ ተቀበሉኝ።)

ባለሶፋው፦ አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ? ጥሩ፣ ነይ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ መጥተሽ ፍረጅ።

(ሻጯ ለማሳያ የምትጠቀምባትን አሻንጉሊት አቶ እሺ ለምኖ ይዞ ወጣ። ክብደቷ የአራስ ልጅ ያህል ነው። ሱቁ ፊት ለፊት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ። ባለሶፋው የመኪናውን የኋላ በር ይከፍቱና ብርድ ልብሱን ይገልጡታል። የወጣው የሙሽራ ሶፋ ነው፣ ግን በሕፃን ልክ። ቀይ ቆዳው ፊት ያሳያል። ዙሪያውን ቢጫ ምስማር ተደርድሮበታል። እግሮቹ እንኳ የተጠረቡ ናቸው።)

ባለሶፋው፦ እህስ?

አቶ እሺ፦ (እጁን አፉ ላይ አድርጎ) ቆንጆ ነው አባባ። በጣም ቆንጆ ነው።

ባለሶፋው፦ ጨርሰሃል?

አቶ እሺ፦ ቀበቶው የት ነው?

ባለሶፋው፦ ሶፋ ላይ ቀበቶ አይተህ ታውቃለህ?

አቶ እሺ፦ አላውቅም። ግን ሶፋ ስነዳም አላውቅም።

ባለሶፋው፦ ምን አልክ?

አቶ እሺ፦ ምንም። እሺ አልኩ።

ባለሶፋው፦ አሻንጉሊቷን አምጣት። (ያስቀምጧታል።) ተመልከት እስቲ፣ እንዴት ያለች እመቤት። ንዳ። ዝም ብለህ ግቢውን አዙረን።

(እኔ ፊት ገባሁ፣ ባለሶፋው ከሶፋቸው ጎን። አቶ እሺ ይነዳል ማለት ይከብዳል። ልጁን ከትምህርት ቤት ለምሳ የሚመልስ አንድ ሰው በእግሩ አልፎን ሄደ።)

ባለሶፋው፦ ሞተሩን አስነስተኸዋል?

አቶ እሺ፦ አስነስቼዋለሁ።

ባለሶፋው፦ አሻንጉሊቷ እኮ ልትዳር ነው፤ ትንሽ ፍጠን።

አቶ እሺ፦ እሺ።

(ካርቶን የጫነ ጋሪ የሚገፋ ሰው ከሁለት መኪኖች መሃል ብቅ ይላል። አቶ እሺ ፍሬኑን ነካ ያደርገዋል። ነካ ብቻ። አሻንጉሊቷ ከቀዩ ቆዳ ላይ ሸርተት ብላ ጭንቅላቷ ቀድሞ ወደ እኔ ወንበር ሥር ትገባለች። ከውጪ የሚታየው እግሯ ነው። መኪናው ይቆማል።)

አቶ እሺ፦ ወደቀች።

ባለሶፋው፦ አሻንጉሊት ስለሆነች ነው።

አቶ እሺ፦ ልጅ ብትሆንስ?

ባለሶፋው፦ ልጅማ ይዛ ትቀመጣለች።

አቶ እሺ፦ በምን?

ባለሶፋው፦ በእጇ ነዋ።

አቶ እሺ፦ አባባ፣ እሷ እኮ እጇን እስካሁን የማን እንደሆነ አታውቀውም። ትናንት ራሷን በቡጢ መትታ አለቀሰች።

ባለሶፋው፦ የእኔ ዘር ናት፣ ትለምዳለች። ባይሆን ከሥሯ ወፍራም ስፖንጅ እጨምርላታለሁ፣ ዙሪያዋን በትራስ እንጠቀጥቃታለን፣ በብርድ ልብስ እንጠቀልላታለን። ንቅንቅ አትልም። እንግዲህ ተስማማን። ሂድና ለሻጯ አንፈልግም በላት።

(አቶ እሺ ወርዶ የኋላውን በር ይከፍታል። አሻንጉሊቷን ከወንበሩ ሥር አውጥቶ አቧራዋን ያራግፋል። ራሷን በመዳፉ ደግፎ ነው የያዛት።)

ባለሶፋው፦ ሰማኸኝ?

አቶ እሺ፦ ሰማሁ።

ባለሶፋው፦ እሺ በላ።

(አቶ እሺ የአሻንጉሊቷን ልብስ ያስተካክላል።)

ባለሶፋው፦ ምን ሆነሃል? ያቺ ቃል ዛሬ ጠፋችብህ?

አቶ እሺ፦ እምቢ።

ባለሶፋው፦ ምን?

(አቶ እሺ ራሱ ዞር ብሎ ማን እንደተናገረ ያያል። ከኋላው ሰው የለም።)

አቶ እሺ፦ እምቢ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሶፋውን ሳሎን አስቀምጬ ዕድሜ ልኬን አቧራውን እጠርጋለሁ። ስታድግ አያትሽ የሠራልሽ ነው ብዬ አስቀምጣታለሁ። መኪና ውስጥ ግን ልጄ እሱ ላይ አትቀመጥም።

ባለሶፋው፦ እኔ ስልህ?

አቶ እሺ፦ እርስዎ ሲሉኝ።

ባለሶፋው፦ ልጄን የዳርኩልህ እኔ ስልህ?

አቶ እሺ፦ ስለዳሩልኝ ሁሌም አመሰግናለሁ። እምቢ።

ባለሶፋው፦ አክስትህስ? በር ላይ ቆማ እየጠበቀችህ ነው።

አቶ እሺ፦ አሁኑኑ እደውልላታለሁ። ፍሬን ሲያዝ ልጅ ይዞ የሚያስቀር ክንድ የለም። ፊት ደግሞ በግጭት ጊዜ የሚፈነዳ ኤርባግ አለ። አክስቴ ልጅቷን ቤት ስንገባ እስኪበቃት ትቀፋት።

ባለሶፋው፦ ጎረቤትህስ?

አቶ እሺ፦ ግጭት ያየ ወንበር ውስጡ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? አመስግኜው ሰባብሬ እጥለዋለሁ፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት።

ባለሶፋው፦ ደንበኛህ፣ ያ ባለጺሙስ?

አቶ እሺ፦ እሱን ምላጩን አስቀምጬ እነግረዋለሁ።

ባለሶፋው፦ (ድምፃቸው ዝቅ ብሎ) ይሄን ሁሉ የት ተማርከው?

አቶ እሺ፦ ልጅዎ ናት ዓመቱን ሙሉ ስትነግረኝ የከረመችው። እሺ እሺ ስል የማልሰማ ይመስላታል። እሺ ስል እኮ እየሰማሁ ነው አባባ።

(ባለሶፋው የልጃቸውን ባል ረጅም ጊዜ ያዩታል። እኔ መሃል መግባት አለብኝ ወይስ መሸሽ ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ሰውዬው ከመኪናው ወርደው ሱሪያቸውን ያራግፋሉ።)

ባለሶፋው፦ ምን ቆመሃል? ሱቁ ለምሳ ሊዘጋ ነው።

(ተመልሰን ገባን። ሻጯ ምን እንደምንፈልግ እንኳ ሳትጠይቅ ከመደርደሪያ ሳይሆን ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ወንበር አውጥታ አቀረበች። ለአራስ የሚሆን፣ ወደ ኋላ የሚዞር። ነገሩ ትንሽ ገርሞኝ አለፍኩት። ሁለቱ መኪናው ዘንድ ወስደው ለልክ ያስገቡት ጀመር። እዚህ ላይ ባለሶፋው ሌላ ሰው ሆኑ።)

ባለሶፋው፦ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ስንቴ ልንገርህ?

አቶ እሺ፦ እሺ አባባ።

ባለሶፋው፦ የሕፃን ራስ ከባድ ነው፣ አንገቷ ክር ነው። አንተ ፀጉር ቆራጭ ሆነህ እንዴት ይሄ ይጠፋሃል?

አቶ እሺ፦ እውነትዎን ነው።

ባለሶፋው፦ የመኪናውን ቀበቶ በዚህ አሳልፈህ በጉልበትህ ተጫነውና ሳበው። እንዲህ። አሁን ወንበሩን ከሥሩ ይዘህ ግራ ቀኝ ነቅንቀው። ከተነቃነቀ አልታሰረም።

አቶ እሺ፦ አልተነቃነቀም።

ባለሶፋው፦ አሻንጉሊቷን አስገባ። የትከሻዋን ማሰሪያ አጥብቅ። (ማሰሪያውን በሁለት ጣታቸው ይቆነጥጣሉ።) ይኸው ጣቴ ያዘው፣ ላልቷል። ጨምር። አሁን? አሁን የሚቆነጠጥ የለም። ይሄን መቆንጠጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አቶ እሺ፦ የለም አባባ። ከሥሯ ስፖንጅ ልጨምርላት?

ባለሶፋው፦ ስፖንጅ? አብደሃል? ስፖንጅ ሲጨመቅ ማሰሪያው ይላላል። ወንበሩ ሲሠራ የገባለት ይበቃዋል። ብርድ ልብስም ከታሰረች በኋላ ከላይ ነው፣ ከማሰሪያው ሥር አይገባም።

አቶ እሺ፦ እሺ አባባ። ነጭ ነው ግን ወንበሩ።

ባለሶፋው፦ ነጭ ምን ይሆናል? ይታጠባል።

(አቶ እሺ አሻንጉሊቷን ፈትቶ ሊመልስና ሊከፍል ወደ ሱቁ ይሄዳል። እየሄደ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። "እትዬ፣ አይሆንም፣ አይሆንም አልኩሽ፣ እወድሻለሁ ግን አይሆንም" ሲል ይሰማል።)

እኔና ባለሶፋው መኪናው ዘንድ ቀረን። ቀዩ ሶፋ መሬት ላይ፣ እግራችን ሥር ተቀምጧል። ፀሐይ ሲመታው ይበልጥ ያምራል። አሳዘኑኝ። "ጋሼ፣ አይክፋዎት" አልኳቸው። "ያን ያህል የለፉበት ሥራ ነው፤ ልጁም ክፉ አስቦ አይደለም።"

"ምኑ ይከፋኛል?" አሉኝ። ወደ ሱቁ በር አየት አደረጉና ጠጋ አሉ። "ልጄ ነፍሰ ጡር ሆና አንድ ቀን መጥታ አለቀሰችብኝ። 'አባዬ፣ ባሌ እንደሱ ያለ መልካም ሰው የለም። ግን መንገደኛ መጥቶ ልጅህን ለአንድ አፍታ አበድረኝ ቢለው እሺ ይላል ብዬ እፈራለሁ' አለችኝ። ምን ልበላት? እሺ ባዩን ሰው የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ለእኔ እምቢ ካለ ለማንም እምቢ ማለት ይችላል ብዬ ገብቼ ይሄን ሠራሁ።"

አፌን ከፍቼ ሶፋውን አየሁት። "ሆን ብለው ነው?"

"አንቺ ሳሎንሽ ያለውን ሶፋ ታውቂው የለ? እኔ ሰው የሚለቅ ወንበር ሠርቼ አላውቅም። እጄ እምቢ አለኝ። ከፊት ዝቅ ላድርገው ስል ከፍ ያደርገዋል። ቆዳውን በሰም ሦስቴ ባላሸው ኖሮ አሻንጉሊቷ እስካሁንም ተደላድላ ተቀምጣ ነበር፣ እኔም አፍሬ ነበር።"

"እሺ ቢልዎትስ ኖሮ?"

"እሺ ቢለኝማ ልጄንም የልጅ ልጄንም ይዤ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው። ሻጯን ጠይቂያት፣ ደህናውን ወንበር ትናንት መርጬ አስቀምጪልኝ ብያታለሁ። ነጩን።"

እስኪበቃኝ ስቄ ሳልጨርስ አቶ እሺ ተመለሰ። አካሄዱ ተለውጧል፤ ትከሻው እንኳ ሰፋ ያለ መሰለኝ። ባለሶፋው ምንም እንዳላወሩ ሆነው ሶፋቸውን አቅፈው ወደ ኋላው በር አመሩ።

አቶ እሺ፦ አባባ፣ ሶፋው አይገባም።

ባለሶፋው፦ እንዴት አይገባም? ሲመጣ ገብቶ አልነበር?

አቶ እሺ፦ ሲመጣ ልጅ አልነበረችም። ያልታሰረ ዕቃ ከጎኗ አላስቀምጥም፤ ፍሬን ብይዝ ይወድቅባታል።

ባለሶፋው፦ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አድርገው።

አቶ እሺ፦ እዚያ ጋሪዋና የእናቷ ሻንጣ ነው የሚገባው።

ባለሶፋው፦ እኔ ፊት ተቀምጬ እታቀፈዋለሁ።

አቶ እሺ፦ ኤርባግ አለ አልኩዎት እኮ።

ባለሶፋው፦ እና ምን ላድርገው? እዚህ ልጥለው?

አቶ እሺ፦ እንዴት ይጣላል? እርስዎና ሶፋው በታክሲ ቤት ትመጣላችሁ። እዚያ እንገናኛለን።

ባለሶፋው፦ አንተ ልጅ፣ የልጅ ልጄን ልቀበል እኮ ነው የወጣሁት። አንድ ጊዜ እሺ በለኝ።

አቶ እሺ፦ እምቢ አባባ። ቀስ ብዬ ስለምነዳ እርስዎ ይቀድሙናል።

(የሾፌሩን በር ይዘጋል። ቀበቶውን አስሮ፣ ባዶውን ነጭ ወንበር በመስታወቱ ደጋግሞ አይቶ፣ እንደ ልማዱ በእግረኛ ፍጥነት ከግቢው ይወጣል።)

ባለሶፋው ሶፋቸውን በሁለት እጃቸው እንዳቀፉ መንገዱ ዳር ቆመው መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ አዩት። እሱ ደግሞ ቶሎ አይጠፋም። ታክሲ አስቆምኩላቸው። ሶፋውን አስቀድመው አስገብተው ቀበቶ አሰሩለት፣ ከዚያ እሳቸው ገቡና መስኮቱን ዝቅ አደረጉልኝ።

"አየሽ ጣጣዬን ልጄ?" አሉኝ። "አሁን ደግሞ እሺ የሚያሰኘው ወንበር ልሠራለት ነው።"